ሪፖርቱ መቼ ይውጣ? የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ለሕዝብ የሥራ መግለጫ ስለሚያወጡበት ጊዜ የቀረበ ዳሰሳ

ከሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለሌላ ሰው ጥቅም የሚሠራ ድርጅት ሥራው የት እንደደረሰ በይፋ መናገር አለበት በሚለው ላይ ዛሬ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ በጊዜው ላይ ነው። በዓመት አንዴ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ በየሩብ ዓመቱ ካልወጣ ለማንም አይጠቅምም የሚሉ አሉ፤ ማንም ሰው በፈለገው ሰዓት ከፍቶ የሚያየው፣ ሁልጊዜ የሚታደስ መረጃ ይኑር የሚሉም አሉ። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን ድርጅቱ ተጠሪነቱ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ከውስጡ ይወጣል። ይህ ዳሰሳ የጥያቄውን አመጣጥ፣ የተያዙትን አቋሞችና የቀረቡትን ማስረጃዎች ይመለከታል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓመቱ ከየት መጣ

ዓመታዊ ሪፖርት የተወለደው ከሒሳብ መዝገብና ከግብር ነው። በእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን በ1853 ሲቋቋም ዋናው ጭንቀት ለድሆች በኑዛዜ የተተወ ሀብት በባለአደራዎች እጅ እንዳይባክን ነበር። በአሜሪካ ከግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለአገሪቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚሞሉት ቅጽ 990 በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲውል መነሻው የግብር ጉዳይ ነበር። በሁለቱም አገር ዓመቱ የተመረጠው ሒሳብ በዓመት ስለሚዘጋ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ክትባት ዘመቻ ፍሬ በ12 ወር ይታያል ከሚል ስሌት የመጣ አይደለም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ዛሬ "ዓመታዊ" የሚለው ልክ ሌላ አማራጭ እንደሌለው ሆኖ ይወሰዳልና።

በእኛ አገር የሪፖርት ልማድ ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው እድር ነው። የእድር አባል በየወሩ ያዋጣል፤ መዝገቡ በጸሐፊው፣ ገንዘቡ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጣል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ገቢና ወጪው ይነበባል፤ ያልገባው ይጠይቃል። በእድር ውስጥ ሪፖርቱ በየስንት ጊዜው ይውጣ የሚለው ጉዳይ ብዙም የማያጨቃጭቀው አዋጪውና ተረጂው አንድ ሰው ስለሆነ ነው። ድንኳኑ መተከሉን፣ ወንበሩ መምጣቱን፣ ገንዘቡ መከፈሉን ሐዘን የደረሰበት አባል በዓይኑ ያየዋል። ዘመናዊው ግብረ ሰናይ ድርጅት ሁለቱን ለያቸው። ገንዘቡ ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን ይመጣል፤ ሥራው ቦረና ወይም ዋግ ኽምራ ይሠራል። የከፈለው አያይም፤ ያየው አልከፈለም። ሪፖርት የተባለው ነገር ይህን ክፍተት እንዲሞላ የተጠራ ነው፤ የድግግሞሹ ጥያቄም የሚነሳው ከዚሁ ክፍተት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ሕጉ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ በመገደቡ፣ የአስተዳደር ወጪንም በ30 በመቶ በመወሰኑ ለዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. የተተካበት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የውጭ ገንዘብ ገደቡን አንስቶ የአስተዳደር ወጪውን ጣሪያ 20 በመቶ አደረገው። በዚህ ሁሉ ሙግት መካከል ሁለቱም አዋጆች አንድ ነገር ሳይነኩ አለፉ፦ የሥራና የኦዲት ሪፖርት በዓመት አንዴ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ለምን በዓመት አንዴ የሚለው ጥያቄ በአደባባይ የከረረ ክርክር አላስነሳም። ሪፖርት ለተቆጣጣሪ መግባቱ ደግሞ ብቻውን ሪፖርቱን በሕዝብ እጅ አያስገባውም።

የዘገየ ዜና

በዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ወቀሳ እርጅናው ነው። በአሜሪካ ቅጽ 990 የሚገባው የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በአምስተኛው ወር በ15ኛው ቀን ሲሆን፣ ድርጅቱ ከጠየቀ ስድስት ወር ይራዘምለታል። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ አሥር ወር ይፈቀዳል። በጥር 2023 የተደረገ ነገር በኅዳር 2024 ከሚገባ ቅጽ ላይ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው፤ 22 ወር ሊሆን ምንም አይቀረውም። ድርቅ ወይም ጎርፍ በደረሰበት አገር ከ22 ወር በኋላ የሚነበብ መግለጫ ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለለጋሽም ለተረጂም ውሳኔ አይሆንም። በጀርመን ሁኔታው ከዚህም የላላ ነው፤ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሁሉ ሒሳባቸውን ለሕዝብ እንዲያወጡ የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግ ስለሌለ ከ2010 ጀምሮ በፈቃደኝነት የሚፈረም አሥር ነጥብ ያለው የግልጽነት ቃል ኪዳን ቦታውን ለመሙላት ይሞክራል።

ለዚህ እርጅና መልስ ለመስጠት ከተሞከሩት መንገዶች ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ያስተምራሉ። በ2008 አክራ ላይ በተካሄደው የእርዳታ ውጤታማነት ጉባኤ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ግልጽነት ንቅናቄ መንግሥታትና ድርጅቶች መረጃቸውን ኮምፒውተር በሚያነበው አንድ ወጥ ቅርጽ ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ እንዲያወጡ ይመክራል። "የምትሰጡትን አሳውቁ" በሚል ስም የሚጠራው የለንደን ተቋምም በሚያወጣው የእርዳታ ግልጽነት መለኪያ በየወሩ ለሚያወጣ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣል።

ሕንድ በሌላ መንገድ ሄደች። የውጭ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች በየሩብ ዓመቱ የተቀበሉትን መጠንና የለጋሹን ማንነት ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ15 ቀን ውስጥ በድረ ገጽ እንዲያሳውቁ የሚያዝ ደንብ ነበራት፤ በሐምሌ 2022 ይህን አንቀጽ ሰርዛ ዓመታዊውን ብቻ አስቀረች። ሲሰረዝ አንዳንዶች ሸክም ቀለለ አሉ፤ ሌሎች የሕዝብ ዓይን ተሸፈነ ብለው አዘኑ። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ነገር ያለፉት ይመስለኛል። ያ ደንብ የሚጠይቀው የገባውን ገንዘብ ብቻ ነበር። በገንዘቡ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደተረዳ የሚል ጥያቄ አልነበረበትም። ለቁጥጥር እንጂ ለተጠያቂነት የተጻፈ አልነበረም፤ ስለዚህ ከመሰረዙ ስለ ተደጋጋሚ ሪፖርት ጥቅምም ሆነ ጉዳት ብዙ መደምደም አይቻልም።

ምኑ ነው የሚዘገበው?

ክርክሩን የሚያደፈርሰው ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። "ሪፖርት" ሲባል ገንዘቡ፣ ሥራውና ውጤቱ በአንድ ከረጢት ይታጨቃሉ፤ ሦስቱ ግን በአንድ ፍጥነት አይጓዙም። የገባና የወጣ ገንዘብ ዛሬውኑ ይታወቃል። የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የታደለ ዘር፣ የተደረገ ቀዶ ሕክምና በየወሩ ይቆጠራል። የሰው ኑሮ መለወጡ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚታየው፤ ማንም ቀን ቢቆርጥለት አይፈጥንም።

አጎበር የሚያድለው የአጌንስት ማሌሪያ ፋውንዴሽን አሠራር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አጎበር ሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል ተብሎ ስለሚታሰብ እደላው በየሦስት ዓመቱ ይደገማል። ድርጅቱ ከእደላ በኋላ ቤት ለቤት እየሄዱ አጎበሩ ተሰቅሎ እንደሆነ፣ ተቀዶ እንደሆነ የሚያዩበትን ቅኝት መጀመሪያ በየ6 ወሩ፣ ኋላም በየ9 ወሩ አድርጎ ውጤቱን በይፋ ያወጣል። ጊዜው የተመረጠው ከአጎበሩ ዕድሜ ተነስቶ ነው። የለጋሽ ጉጉት ወይም የበጀት ዓመት አልወሰነውም። በየወሩ ቢቆጥሩ የሚያገኙት አዲስ ነገር የለም፤ በሦስት ዓመት አንዴ ቢቆጥሩ ደግሞ የተቀደደውን የሚያውቁት ሕጻኑ ከታመመ በኋላ ነው።

ውጤት የራሱ ቀን ሲኖረው ቁጥር በየጊዜው መነገሩ ሊያሳስትም ይችላል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የግብረ ሰናይ ሥራ ባይሆንም ሕዝብ ያዋጣበት ስለሆነ እዚህ ቢነሳ አይከፋም። መጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ የግንባታው መቶኛ በየጊዜው ለሕዝብ ይነገር ነበር። የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ክፉኛ ወደኋላ መቅረቱን ግን ሕዝቡ በግልጽ የሰማው በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ አንደበት ነው። አንድ ጥቅል መቶኛ የኮንክሪቱን መፍጠን አሳይቶ የተርባይኑን መዘግየት መሸፈን ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ብዙ ጊዜ መናገርና ብዙ ነገር መናገር ይለያያሉ።

ከሌላው ጫፍ በየሰዓቱ የሚመጣ መረጃ አለ። ንጹሕ ውሃ የሚያቀርበው ቻሪቲ ዋተር በ2012 ከጉግል ያገኘውን 5 ሚሊዮን ዶላር በውሃ ነጥቦች ላይ የሚተከሉ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ለመሥራት አዋለው፤ መሣሪያዎቹም ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ተተከሉ። ፓምፑ ውሃ እየሰጠ መሆኑን ወይም መቆሙን በርቀት ማወቅ ተቻለ። ይህ የሪፖርትን ፍጥነት እስከ መጨረሻው የወሰደ ሙከራ ነው፤ እኔም በግልጽ የምደግፈው ዓይነት ነው፣ የተመረቀበት ቀን ፎቶ ተነስቶ በዓመቱ ደርቆ የሚቀር የውሃ ነጥብ ብዙ ነውና። ሆኖም መቆሙን ማወቅ የሚጠቅመው የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ፣ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠጋኝና መለዋወጫ ሲኖራቸው ነው። ፈጣን መረጃ ዋጋ የሚኖረው በዚያው ፍጥነት የሚሠራ እጅ ካገኘ ነው።

ለጋሹ ያነበዋል?

ሪፖርት ይብዛ የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት ጠንካራ ማስረጃ የልገሳ ቁጥር ነው። ሃሪስና ኒሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ጋይድስታር በተባለው የመረጃ ቋት ላይ መረጃቸውን ሞልተው የግልጽነት ማኅተም ያገኙ የአሜሪካ ድርጅቶች በቀጣዩ ዓመት ካላገኙት በአማካይ 53 በመቶ የበለጠ ልገሳ አግኝተዋል። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ማኅተሙን ለማግኘት የሚደክም ድርጅት ከመጀመሪያውም በደንብ የሚመራ ሊሆን ስለሚችል፣ ልገሳውን ያመጣው ግልጽነቱ ነው ወይስ ብርታቱ የሚለው ሙሉ በሙሉ አይለይም።

በተቃራኒው ወገን ሽፐርና ፕራካሽ በ2011 በዋሽንግተን ግዛት ያሉ ድርጅቶችን መርምረው፣ ድርጅቶችን የሚመዝነው ቻሪቲ ናቪጌተር የሚሰጠው ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የለጋሾችን ድጋፍ እንዳልለወጠ ጽፈዋል። ካርላንና ዉድ ደግሞ ፍሪደም ፍሮም ሀንገር የተባለው ድርጅት ለለጋሾች በሚልከው ደብዳቤ ላይ የሳይንሳዊ ጥናት ማስረጃ ሲጨመርበት ቀድሞ ብዙ ይሰጡ የነበሩት ጨምረው ሲሰጡ፣ ትንሽ ይሰጡ የነበሩት ግን መቀነሳቸውን አሳይተዋል። አንዱ የሚሰጠው መዝኖ ነው፤ ሌላው የሚሰጠው ልቡ ስለተነካ ነው። አንድ ዓይነት መግለጫ ሁለቱን እኩል አያገለግልም። ከእነዚህ ጥናቶች አንዳቸውም ድግግሞሹን ከይዘቱ ነጥለው አለመለካታቸውን ማስታወስም ይገባል። ሪፖርት ይብዛ ለሚለውም ሆነ ይነስ ለሚለው ወገን ቀጥተኛ ምስክር አድርጎ መጥራት ከአቅማቸው በላይ ማሸከም ነው።

ሸክሙን ማን ይሸከመዋል?

ድግግሞሹን በቀጥታ የለካ ማስረጃ የሚገኘው ከንግዱ ዓለም ነው። በአሜሪካ በገበያ አክሲዮን የሚሸጡ ኩባንያዎች ከ1955 ጀምሮ በየስድስት ወሩ፣ ከ1970 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲዘግቡ ተገደዱ። በ2018 የታተመ የክራፍት፣ የቫሺሽታና የቬንካታቻላም ጥናት በዚያ ዘመን የሪፖርት ድግግሞሽ ሲጨምር ኩባንያዎች የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንታቸውን እንደቀነሱ አገኘ። ፖዜንና ባልደረቦቹ ግን በ2017 የእንግሊዝን ልምድ፣ ማለትም በ2007 የሩብ ዓመት ግዴታ መምጣቱንና በ2014 መነሳቱን፣ መርምረው በኢንቨስትመንት ላይ ያመጣው ጉልህ ለውጥ እንደሌለ ጻፉ፤ ግዴታው ከተነሳ በኋላም አብዛኞቹ ኩባንያዎች ልማዱን አልተዉም። ስለዚህ በንግዱ ዓለም እንኳ ጉዳዩ አልተቋጨም።

በግብረ ሰናይ ዘርፍ ተመሳሳዩን ስጋት በስሙ የጠራው ተመራማሪው አልኑር ኢብራሂም ነው። በ2005 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ተጠያቂነት ወደ ለጋሹ ብቻ ሲያይና በአጭር ጊዜ ሲለካ ድርጅቱ ከሥራው መማርን ይተዋል አለ። የሰሜን አየርላንድ ተወላጇ ፈላስፋ ኦኖራ ኦኔል በ2002 በቢቢሲ ባሰማችው የሪዝ ንግግር ከዚህ አልፋ፣ የመረጃ ብዛት ብቻውን አመኔታን እንደማይመልስ ተከራከረች፤ ሰው የሚያምነው የቀረበለትን መርምሮ ለማረጋገጥ ሲችል ነው።

በኢትዮጵያ የሚሠራ መካከለኛ ድርጅት ይህን በየቀኑ ይኖረዋል። የመንግሥት በጀት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የአንዱ ለጋሽ ዓመት ከጥር እስከ ታኅሣሥ፣ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ከጥቅምት እስከ መስከረም። እያንዳንዱ በራሱ ቅጽ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይፈልጋል፤ ለሴክተር ቢሮውና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚገባው ለብቻው ነው። ቁጥሩን ከቀበሌ የሚለቅመው የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። በቀድሞው አዋጅ ዘመን ደግሞ የክትትልና የግምገማ ወጪ በአስተዳደር ወጪ መቆጠሩ ሰፊ ቅሬታ ፈጥሮ ነበር፤ ሪፖርት አቅርብ የሚለው ሕግ ሪፖርት የሚያዘጋጅበትን ብር ጣሪያ አበጀለት። ይህን ያህል የሚደክምበት ወረቀት ደግሞ በአብዛኛው ለሕዝብ አይደርስም። ሸክሙ የሚበዛው ድርጅቶች ለሕዝብ ብዙ ጊዜ ስለሚናገሩ አይደለም፤ ለብዙ ጌቶች ለየብቻ ስለሚናገሩ ነው። አንድ ወጥ የሆነ፣ ለሁሉም የሚያገለግልና በይፋ የሚወጣ የሩብ ዓመት መግለጫ ቢኖር የጠቅላላ ሪፖርቱ ብዛት ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ፤ ለጋሾች ግን የየራሳቸውን ቅጽ ለመተው ፈቃደኛ መሆን አለባቸው።

ለትንንሽ ድርጅቶች ዓመታዊውም ይከብዳል። በአሜሪካ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቅጹን ያላስገባ ድርጅት ከግብር ነጻነቱን እንዲያጣ የሚያደርገው ሕግ በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጸም 275,000 ያህል ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ከመዝገብ ወጡ። ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ሥራ ያቆሙ እንደነበሩ ይታመናል።

መጥፎው ዜና ሲመጣ

በ2010 በሃይቲ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 488 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። ድርጅቱ ዝም አላለም፤ በየመታሰቢያው ዕለት መግለጫ ያወጣ ነበር። ነገር ግን ፕሮፐብሊካና ኤንፒአር የተባሉት የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን በ2015 ባደረጉት ምርመራ ከ130,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች መኖሪያ ሰጥቻለሁ ያለው ድርጅት የገነባቸው ቋሚ ቤቶች ስድስት ብቻ እንደሆኑ ዘገቡ። ቀይ መስቀል በቁጥሩ ውስጥ የኪራይ ድጋፍ፣ ጊዜያዊ መጠለያና ሥልጠና ጭምር እንዳለበት ገልጾ ዘገባውን ተቃወመ። በ2016 የአሜሪካው ሴናተር ግራስሊ ቢሮ ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ከገንዘቡ ሩብ ያህሉ ለድርጅቱ የውስጥ ወጪ እንደዋለ አመለከተ። እዚህ የጎደለው ድግግሞሽ አልነበረም። ወጪውን በየፕሮጀክቱ የሚዘረዝር፣ ከውጭ ሊረጋገጥ የሚችል መግለጫ ነበር የጎደለው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ታሪክ አለ። ኤቪደንስ አክሽን የተባለው ድርጅት በባንግላዴሽ በረሃብ ወራት ገበሬዎች ወደ ከተማ ሄደው እንዲሠሩ የጉዞ ብድር የሚሰጥበት ፕሮግራም ነበረው። በ2017 በሰፊው ሲሞከር የተጠበቀው ውጤት አልታየም። ድርጅቱ በ2018 ይህንኑ በይፋ ተናግሮ ገንዘብ መሰብሰቡን አቆመ፤ በ2019 ፕሮግራሙን ዘጋ። ለተቸገሩ ሰዎች በቀጥታ ጥሬ ገንዘብ የሚልከው ጊቭዳይሬክትሊም በምሥራቅ ኮንጎ 900,000 ዶላር ያህል መሰረቁን ራሱ ለሕዝብ አሳውቋል። የካናዳው ድንበር የለሽ መሐንዲሶች ከ2008 ጀምሮ ያልተሳካለትን ሥራ ብቻ የሚዘረዝር የውድቀት ሪፖርት ያወጣ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ሲታዩ በእኔ ግምት ክብደት መያዝ ያለበት ቀኑ አስቀድሞ መቆረጡ ነው፤ ወር ይሁን ሩብ ዓመት የሚለው ሁለተኛ ነው። ድርጅቱ የሚናገርበትን ጊዜ ራሱ የሚመርጥ ከሆነ ሥራው ሲሰምር ቶሎ ይናገራል፤ ሲበላሽ "ገና እየተጠናቀረ ነው" ይላል። ቀኑ ከገንዘቡ በፊት ከታወቀ ግን ዝምታውም መልእክት ይሆናል፤ ቀኑ አልፎ መግለጫው ካልወጣ ሕዝቡ የሚጠይቀው አንድ ግልጽ ጥያቄ አለው። በዓመት አንዴ በተቆረጠ ቀን የሚናገር ድርጅት ሲመቸው በየሳምንቱ ከሚናገር ይልቅ ተጠያቂ ነው። ስርቆት፣ በደልና የፕሮግራም መዘጋት ግን ቀን አይጠብቁም፤ በታወቁበት ጊዜ መነገር አለባቸው።

አንባቢው የት ነው ያለው?

እስካሁን የተነሳው ሁሉ ለጋሹን ወይም ተቆጣጣሪውን አንባቢ አድርጎ ነው። ተረጂው የትኛውን ሪፖርት ያነባል? ተመራማሪዎቹ ማይክል ኤድዋርድስና ዴቪድ ሁልም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያነሱት ይህ ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰም። ጊቭዳይሬክትሊ ተቀባዮች የሰጡትን አስተያየት ሳያርም በድረ ገጹ ያወጣበት አሠራር ወደዚያ የሚያመራ ነው፤ ግን እሱም የተጻፈው ሩቅ ላለ አንባቢ ነው። በኢትዮጵያ የወረዳ በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈበትና በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ነዋሪዎች ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ነጥብ ሰጥተው ከአገልግሎት ሰጪዎች ጋር ፊት ለፊት የተነጋገሩበት ልምድ ለዚህ የቀረበ ነው። ሁለቱም የመንግሥትን አገልግሎት የሚመለከቱ ናቸው፤ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ለራሳቸው ሥራ በሰፊው አልወሰዷቸውም። ስብሰባው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ በሰፈሩ ቢካሄድ ጊዜውን የሚወስኑት የዝናብና የመኸር ወራት ይሆናሉ፤ የሐምሌ ስብሰባ ለአራሽ ገበሬ የተጠራ ስብሰባ አይደለም።

በውጭ የሚኖረው ወገን ጉዳይም እንደዚሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. በቀን አንድ ዶላር በሚል ጥሪ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ በአሜሪካ ሕግ የተመዘገበ ስለነበር ዓመታዊ ቅጹ ግዴታው ነበር። በየቀኑ አንድ ዶላር የሚሰጥ ሰው ግን ጥያቄውን ዓመት ሙሉ አያቆየውም። ገንዘብ የሚሰበሰብበት ፍጥነት ከሪፖርቱ ፍጥነት በጣም ሲርቅ ሐሜት መሐሉን ይሞላዋል።

በሙግት ላይ ያለው የመጨረሻ ጉዳይ የጦርነት ጊዜ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት በቀኑ ሪፖርት ማውጣት ለብዙ ድርጅት የማይታሰብ ነበር። መስመር ባለበትም ቢሆን መጋዘኑ የት እንዳለ፣ ማን እንደተረዳ በወቅቱ ማሳተም ሠራተኛንም ተረጂንም ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ አንዳንዶች ግጭት ያለበት አካባቢ ከሪፖርት ግዴታ ይውጣ ይላሉ፤ ሌሎች ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው እዚያው ስለሆነ ነጻነቱ ለሌባ መሸሸጊያ ይሆናል ብለው ይቃወማሉ። ገንዘቡን በወቅቱ አሳውቆ ቦታውንና ስሙን ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት ሁለቱን ሊያስታርቅ ይችል ይሆናል። የዚያን ጊዜ ርዝመት ማን ይቁረጥ፣ ድርጅቱ፣ ለጋሹ ወይስ ገለልተኛ የሆነ ሌላ አካል፣ በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም።